ስለ እንጦጦና ስለ ወጨጫ ዛፎች ለጠየቃችሁኝ

ክረምቱ ሳይገባ ስለ ተራራ ዛፎቻችንና ስለ አየሩ መለወጥ ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ ብዬ ነበር። መዓት ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ከሱሉልታ፦ ጋሼ፣ ብርዱ እንደ ድሮው አይደለም። ተራራ ላይ ያለ ዛፍ ሙቀት ካገኘ ፈጥኖ ማደግ አልነበረበትም?

የያዘው ብርድ ቢሆን ኖሮ ልክ ነህ። ዓለም ላይ ዛፍ ሽቅብ መውጣቱን የሚያቆመው በማደጊያው ወቅት አማካይ ሙቀቱ 6 ዲግሪ አካባቢ በሚሆንበት ከፍታ ነው። እንደ አልፕስ ባሉ ተራሮች ጫፍ ላይ ትንሽ ሙቀት ሲጨመር ዛፉ የሚፋፋው ለዚህ ነው። እንጦጦ ግን ቢበዛ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ባሌና ስሜን ላይ አስታ የሚባለው ዛፍ እስከ 4,000 ሜትር ተጠግቶ ይኖራል። ስለዚህ የኛን ጥድ የሚይዘው ብርድ ሳይሆን ውሃ ነው። ግንዱ የሚወፍረው አፈሩ ሲረጥብ ነው፤ በጋ ገብቶ ሲደርቅ ሥራ ይፈታል። ሙቀት ተጨመረለት ማለት ያቺው ውሃ ቶሎ አለቀችበት ማለት ነው።

ከቡራዩ፦ ዝናቡ እኮ አልቀነሰም፣ እንዲያውም ጎርፍ ነው ያስቸገረን።

ዛፍ የዓመቱን ድምር አያውቅም። ለሱ ቁም ነገሩ ሥሩ ያለበት አፈር ስንት ወር እርጥብ ሆኖ መቆየቱ ነው። ቁልቁለት ላይ በአንድ ሰዓት የወረደ ዶፍ አብዛኛው ወንዝ ገባ ማለት ነው፣ በልጉ ከቀረ ደግሞ የበጋው ድርቀት እስከ ሰኔ ይጎተታል። ሌላም አለ። አየር 1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል፤ ያንን ከአፈሩም ከቅጠሉም ይመጥጣል። ዛፉ እንዳይደርቅ ብሎ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ሲዘጋ ምግብ መሥራቱም ይቀንሳል። ቅጠሉ አረንጓዴ ስለሆነ ደህና ይመስልሃል፣ ግንዱ ግን በዚያ ወር ጠብ ያለለት ነገር የለም።

ከሰበታ፦ የመናገሻ ሱባ ጥዶች የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው ይባላል። ጉቶ ላይ ቀለበት ቆጥሮ ማረጋገጥ አይቻልም?

ይቺን ጥያቄ ወደድኳት። ንጉሡ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ የሚባለው ትውፊት ነው። እውነት ቢሆን እንኳ ዛሬ የቆመው ጥድ ሁሉ የዚያ ዘመን ነው ማለት አይደለም። ቆጠራውስ? የኛ ጥድ ተንኮለኛ ነው። የወደቀ ካገኛችሁ (ቁረጡ አላልኩም!) የተቆረጠውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ ውሃ ነካ አድርጉትና በአጉሊ መነጽር እዩት። ፈዘዝ ያለው ሰፊ ክፍል በዝናብ የተሠራ ነው፤ ጠቆር ያለችው ቀጭን መስመር ዕድገቱ ሲያቆም የቀረች ናት። አሁን አንዷን ጥቁር መስመር በጣታችሁ ተከተሏት። ግንዱ ጎድጎድ ያለበት ጋ ስትደርስ ከጎረቤቷ ጋር ተጣብቃ ትጠፋለች። በዚያ በኩል የቆጠረ ሰው ዓመት ይጎድለዋል። በልግ ዘንቦ፣ መሃል ላይ ደርቆ፣ ከዚያ ክረምት ከገባ ደግሞ በአንድ ዓመት ሁለት መስመር ሊሠራ ይችላልና እዚህ ጋ ዓመት ይተርፈዋል። ባለሙያዎቹ ከብዙ ዛፍና ከብዙ አቅጣጫ ናሙና ወስደው ያመሳክራሉ፣ ሲጠራጠሩም በራዲዮካርቦን (እንጨቱ ውስጥ ባለው ካርቦን ዕድሜውን በሚለካ ዘዴ) ይፈትሻሉ። ከተመሳከረ በኋላ ግን የጥድ ቀለበት ስለ ዝናብ ብዙ ይናገራል።

ከሽሮ ሜዳ፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለዛፍ ምግብ አይደል? መብዛቱ ይጠቅማላ!

ከፋብሪካው ዘመን በፊት አየር ውስጥ ከሚሊዮን 280 እጅ ነበር፣ ዛሬ ከ420 አልፏል። ዛፎች በዚህ የተነሳ የቅጠላቸውን ቀዳዳ ብዙ ሳይከፍቱ ውሃ መቆጠባቸው እውነት ነው። በቦሊቪያ፣ በካሜሩንና በታይላንድ ደኖች ቀለበት ተመርምሮ ቁጠባው ታይቷል፤ ግንዱ ግን በዚያ ምክንያት ፈጥኖ አልወፈረም። እኔ ተስፋዬን እዚያ ላይ አልጥልም።

ከሆለታ፣ አንድ አባት፦ ልጄ፣ የጥዱ አናት ይደርቃል። ምን ነካው?

አባቴ፣ ሳላየው በሽታ ነው፣ ነፍሳት ነው፣ ድርቀት ነው ብዬ አልፈርድም። ግን ትግራይ ያለው የደስአ ደን ላይ ጥድና ወይራ በብዛት ደርቀዋል፣ ጉዳቱም ዝቅ ባለው በኩል ይብሳል። ዝርያዎቹ ሽቅብ እየተገፉ ነው ማለት ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ የሚወጣበት ተራራ ብዙ የለም፤ ወጨጫ እንኳ 3,400 ሜትር አይሞላም።

ከለገጣፎ፦ ግቢዬ የተከልኩት ኮሶ አላድግ አለኝ።

ኮሶ ከፍ ያለና ጉም የማያጣው ቦታ ይወዳል። ወይራ ሞክሪ።

ከእንጦጦ፦ ባሕር ዛፉ ባንዴ ተመንጥሮ አገር በቀል ቢተካስ?

ባንዴ? በፍጹም። ዝግባ በልጅነቱ ጥላ ይፈልጋል፤ ገላጣ ላይ መትከል ችግኙን ለፀሐይና ለውርጭ አሳልፎ መስጠት ነው። መናገሻ ሱባ ውስጥ በተተከሉ የውጭ ዛፎች ሥር አገር በቀሎቹ ራሳቸው እንደሚበቅሉ ተጠንቷል። እያሳሱ መሄድ ነው የሚያዋጣው። ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ጉዳይም አለ፣ እሱ ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

ከሰንዳፋ፦ የራሴን ጥድ ዕድገት እንዴት ልለካ?

ከመሬት 1.30 ሜትር ላይ በቀለም ምልክት አድርግ፣ ዙሪያውን በሜትር ለካ። የሚላጠውን ቅርፊት ቀስ ብለህ አንሳለት። ግንድ ቀን ትንሽ ይኮማተራል፣ ሌሊት ይነፋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ጠዋት፣ በየዓመቱም በአንድ ወር ለካ። ኅዳር ጥሩ ነው።