ነፋስ ያበላሸው ድምፅ

ጥያቄ፦ ለትምህርታችን ማሟያ የሚሆን አጭር ፊልም ሦስት ሆነን ደጅ እየቀረጽን ነው። ምስሉ አንዴ ደማቅ፣ አንዴ ደብዛዛ እየሆነ በቅንብር ጊዜ አልገጥም አለን፤ ንግግሩንም ነፋስ ዋጠው። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ የምስሉ መለዋወጥ የመጣው ካሜራችሁ በደመናና በፀሐይ መፈራረቅ ብርሃኑን በራሱ እያስተካከለ በመሆኑ ይመስለኛል። በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የምትቀርጹ ከሆነ የሹተሩን ፍጥነት (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ፣ የቀለም ሙቀቱን (ካሜራው ነጭን ነጭ አድርጎ እንዲያሳይ የሚስተካከልበትን ልክ) ደግሞ 5600 ኬልቪን ገደማ ላይ በራሱ እንዳይለዋወጥ በእጅ አስተካክላችሁ፣ የተረፈውን ብርሃን ሌንሱ ላይ በሚገጠም ኤንዲ ፊልተር (ቀለሙን ሳይለውጥ ብርሃን በሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት) ቀንሱ። ሰፊ ምስሎችን አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ የቅርብ ምስል ፀሐይዋ ብትዞርም ተዋናዩ ጀርባውን ሰጥቷት ቆሞ፣ በነጭ ሰሌዳ ብርሃኑን ወደ ፊቱ በመመለስ ሊድን ይችላል።

የድምፁ ጉዳይ ይብሳል፤ ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፣ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም። ካሜራው ላይ ያለውን ማይክሮፎን እርሱት፤ ጠጉራም የነፋስ መከላከያ የለበሰ ማይክሮፎን በዘንግ አስራችሁ፣ ከተዋናዩ ራስ በላይ ካሜራው ከሚያየው ምስል ጠርዝ ጥቂት ከፍ አድርጎ የሚይዝ አንድ ሰው መድቡ። ይህ ሰው ሌላ ሥራ ባይደረብበት ጥሩ ነው (ዳይሬክተሩ ራሱ ቢይዘውም ክብሩ አይቀንስም)። ቦታውን ከመልቀቃችሁ በፊት ሁላችሁም ጸጥ ብላችሁ የአካባቢውን ድምፅ ለ1 ደቂቃ ቅረጹ፤ በቅንብር ጊዜ በንግግሮች መካከል የሚፈጠረውን ክፍተት የሚሞላላችሁ እሱ ነው።