ማንቂያው ሲጮህ ቡሙን አያውርዱ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ዱባይ ስድስት ዓመት ፎርክሊፍት ነድቻለሁ። አሁን ያለሁት እንግሊዝ አገር፣ ሚድልስብራ ነው። ከሰሜን ባሕር ተነቅለው የሚመጡ አሮጌ ነዳጅ ማውጫዎች በሚቆራረጡበት ግቢ ሥራ አገኘሁ። ቴሌሃንድለሩን፣ ቡም የሚባል የሚዘረጋ ክንድ ያለውን ጭነት ማንሻ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ በሦስት ቀን እናስተምርሃለን አሉኝ። እንዲህ ያለ ሥልጠና ይረባል? ከፎርክሊፍትስ ምን ይለየዋል?

መልስ፦ ይረባል፤ «ግቢ ውስጥ» ሲሉ ሥራ እያሠሩ ማለታቸው ካልሆነ። የአገሩ የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ ኤችኤስኢ ሥልጠናውን በሦስት ይከፍለዋል፦ መሠረታዊው፣ ለሥራው የተለየው እና በሥራ ላይ የሚደረገው መለማመጃ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምንጊዜም ከሥራ ውጭ ይሰጣሉ። ስለዚህ የታጠረ ቦታ፣ ለሥልጠና ብቻ የተተወ ማሽንና አሠልጣኝ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ። «ጠዋት ትማራለህ፣ ከሰዓት ሁለት ኮንቴይነር ታራግፋለህ» ካሉዎት ሥልጠና አይደለም።

የግቢው ጥቅም ጭነቱ ላይ ነው። ማሠልጠኛ ማዕከል የሚያነሱት ክብደቱ የታወቀ ፓሌት ነው። እርስዎ የሚጠብቅዎት ግን በጋዝ የተቆረጠ፣ ቅርጹ የተጣመመ ብረት ነው። በ2017 ሃርትልፑል አጠገብ ሲተን ወደብ የደረሰው የብሬንት ዴልታ፣ የሰሜን ባሕሩ ነዳጅ ማውጫ፣ የላይኛው ክፍል ብቻውን 24,200 ቶን ነበር። ይህ ሁሉ ተቆራርጦ ነው የሚወጣው፤ ቁራጩ ላይ ደግሞ ኪሎው አይጻፍም።

ስለዚህ ማስላት ይልመዱ። ውጫዊ ዲያሜትሩ 406.4፣ የግድግዳው ውፍረት 12.7 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቱቦ እንውሰድ። ከዲያሜትሩ ውፍረቱን ቀንሰው ቀሪውን በውፍረቱ፣ ከዚያም በ0.02466 ያባዙት፤ የአንዱ ሜትር ክብደት ይመጣልዎታል፣ 123 ኪሎ ግድም። 6 ሜትሩ 740 ኪሎ ነው። ውስጡ ውሃ ሞልቶት ከሆነ 684 ኪሎ ይጨምራል፣ በድምሩ 1,424። ከውጭ ሲያዩት ግን ያው ቱቦ ነው።

አሁን ማሽኑን እንመልከት። ጄሲቢ (የአምራቹ ስም ነው) 540-140 የሚል ከሆነ 40ው 4 ቶን፣ 140ው 14 ሜትር ግድም ከፍታ ማለት ነው። አራት ቶኑ ግን ቡሙ ተሰብስቦ ነው። ከፊት የሚወርዱት ማረጋጊያ እግሮቹ መሬት ረግጠው እንኳ ቡሙ ወደ ፊት እስከ ጫፍ ሲዘረጋ የሚችለው 1,250 ኪሎ ብቻ ነው። ባዶው ቱቦ ይነሳል፤ ውሃ የያዘው ማሽኑን ወደ ፊት ሊደፋው ይችላል። በፎርክሊፍት «ስንት ቶን ያነሳል?» ብሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል፤ እዚህ «ስንት ሜትር ላይ?» የሚለው አብሮ ካልተጠየቀ መልስ የለውም። ካቢኑ ውስጥ የተለጠፈውን የጭነት ሰንጠረዥ አሠልጣኙ ጣትዎን እያስያዘ ካላስነበበዎት ገና አልሠለጠኑም። ሹካው ወጥቶ መንጠቆ ከገባ ደግሞ ሰንጠረዡም ይቀየራል።

ከፎርክሊፍት ይዘውት የሚመጡት ክፉ ልማድ አለ፤ ሲያስፈራ ጭነቱን ቶሎ ማውረድ። ቴሌሃንድለር ላይ የተዘረጋ ቡም ከከፍታ ሲወርድ ጭነቱ ከጎማው እየራቀ ይሄዳል፤ መገልበጡን ያፋጥኑታል። ካቢኑ ውስጥ ያለው የሚዛን ማንቂያ ሲጮህ መጀመሪያ ቡሙን ይሰብስቡ፣ ከዚያ ያውርዱ። ማንቂያው ራሱም የሚያየው የፊትና የኋላ ሚዛንን ነው፤ ማሽኑ ወደ ጎን ቢያዘነብል አይጮህም። የጎኑ ሚዛን ቡሙ ሳይነሳ በፊት ይስተካከላል፤ ከተነሳ በኋላ መነካካት አደጋ ነው። በቀኝ በኩል ደግሞ ቡሙ እይታ ይጋርዳል፤ መስታወቱና ካሜራው ሳይጸዳ አይንቀሳቀሱ።

ጥያቄ፦ ቱቦዎቹ ጫፋቸው በፕላስቲክ ታሽጎ ነው የሚመጡት። ፕላስቲኩ ሹካ ማስገባት ከለከለኝ፣ ልቅደደው?

መልስ፦ በጭራሽ። በነዳጅ ቱቦ ውስጥ ጨረር የሚያመነጭ ራዲየም ያዘለ ቅርፊት ይጋገራል፤ ማሸጊያው አቧራው እንዳይወጣ ነው። ተጋግሮ ሲቀመጥ ያን ያህል አይደለም፤ ሲሰነጠቅና ሲተነፈስ ነው ጉዳቱ። ስለዚህ አይጎትቱት፣ አይጣሉት፣ በሹካ ጫፍ አይውጉት፤ ከሥሩ እንጨት ተደርጎለት ሹካው በዚያ ክፍተት ይግባ። የጨረር ልኬት ምልክት የሌለበት ቱቦ ከመጣ ባለበት ትተው ኃላፊውን ይጥሩ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ማሽኑን ከማስነሳቴ በፊት የትኛውን ልፈትሽ?

መልስ፦ ጎማ፤ የተቆራረጠ ብረት ባለበት ግቢ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። የሹካው ተረከዝ (የሚታጠፍበት) 10 በመቶ ከሳሳ ሹካው ይወጣል፤ የመሸከም አቅሙ በ20 በመቶ ገደማ ወርዷልና። ሹካውን ከቡሙ ጋር የሚያያይዘውን የመቆለፊያ ፒን በዓይን አይመኑ፣ ሹካውን መሬት ላይ ጫን አድርገው ይሞክሩት። ዘይት፣ ቀበቶና ፍሬን እንደ ማንኛውም ማሽን ነው።

ጥያቄ፦ የዱባዩ መንጃ ወረቀቴ ይቀየርልኛል?

መልስ፦ አይቀየርም፤ ልምድ ላለው ሠራተኛ የተዘጋጀ ፈተና ግን አለ፣ የሥራ ማስረጃዎን ይዘው ይጠይቁ። የግንባታ ማሽን ነጂዎችን ብቃት የሚያረጋግጠው ሲፒሲኤስ የሚሰጠው ቀዩ ካርድ 2 ዓመት ያገለግላል። መንጠቆ ላይ አንጠልጥሎ ማንሳት ለብቻው ይፈተናል፤ ካልተፈተኑ ሰንሰለት አይሰቅሉ። ካርዱ ቢኖርም አሠሪዎ ለዚያ ማሽንና ለዚያ ሥራ በጽሑፍ ሳይፈቅድልዎ ቁልፉን አይቀበሉ።