የምትወዱት ተከታታይ ልቦለድ መጨረሻው ላስከፋችሁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ደብዳቤ ጽፋልኝ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል ጀምራ ቅጽ በቅጽ ስትከታተለው የኖረችው ልቦለድ የመጨረሻው መጽሐፍ እጇ ገብቶ ካነበበችው በኋላ እንቅልፍ እንዳጣች፣ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ገጸ ባሕርይ በሁለት መስመር ብቻ ሞቱ ተነግሮ እንደ ታለፈ፣ በቀደሙት ቅጾች ሁሉ በራሷ ብልሃት ከመከራ ስትወጣ የኖረችው ዋናዋ ባለታሪክ ደግሞ በመጨረሻዋ ሰዓት በድንገት ብቅ ባለ ሌላ ሰው እንደ ዳነች ትዘረዝራለች። ስለዚህ ዐራት ዓመት ሙሉ ያነበበችው ሁሉ ከንቱ ሆኖባታል። ቤተሰቦቿም ለመጽሐፍ ብላ በማዘኗ እንደሚስቁባት ጨምራ ነግራኛለች፤ መልሴን ለእርሷ ብቻ ሳይሆን እንደ እርሷ ለከፋችሁ ሁሉ ለመጻፍ የወሰንኩት በዚህ የተነሣ ነው።

አብሽሩ። ለመጽሐፍ ማዘን የሚያሳፍር ነገር አይደለም። እኔ የሥራ ዘመኔን እዚሁ ደሴ፣ በመጀመሪያ በአማርኛ መምህርነት፣ በኋላም በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያሳሰበኝ መጽሐፍ ዘግቶ ዓይኑ እንባ ያቀረረ ተማሪ ሳይሆን፣ ደስም ሳይለው፣ ሳይከፋውም፣ እንደ ተዋሰው መልሶ የሚሄደው ተማሪ ነበር። የከፋችሁ፣ ደራሲው የፈጠራቸውን ሰዎች አምናችሁ ስለ ተቀበላችሁ ነው።

ይሁን እንጂ ኀዘናችሁን ቀርባችሁ እንድትመረምሩት እፈልጋለሁ። "መጨረሻው አስከፋኝ" ስትሉ ብዙውን ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድነት እየተናገራችሁ ነው። አንዱ መጽሐፉ በማለቁ፣ ወይም የምትወዱት ሰው በመሞቱ የሚሰማችሁ የመለየት ኀዘን ነው። ሌላው ግን ፍርድ ነው፤ ደራሲው ታሪኩን በሚገባው መንገድ አልጨረሰውም የሚል ፍርድ። ኀዘን ማስረጃ አይጠየቅበትም፤ ፍርድ ግን ይጠየቅበታል። ወጣት አንባቢዎች ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ኀዘናቸውን እንደ ማስረጃ ማቅረብ ነው፤ "አልቅሻለሁና ደራሲው ተሳስቷል" እንደ ማለት ያለ ነገር ነው።

የእኔ ትውልድ ይህን ያየበት አንድ ትልቅ አጋጣሚ ነበረው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት "ፍቅር እስከ መቃብር" በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲተረክ፣ ሬዲዮ ያለበት ቤት ሁሉ ጎረቤት የሚሰበሰብበት ቤት ነበር። ታሪኩ የጎጃም ቢሆንም በወሎ ቤቶችም ለበዛብህ ያላዘነ አልነበረም፤ አዋቂዎች ሳይቀሩ "ምናለ ከሰብለ ወንጌል ጋር አብሮ ቢያኖረው" እያሉ ደራሲውን ሲወቅሱ እሰማ ነበር። እኔም እንደ እነርሱ አዘንኩ። ዳሩ ግን መጽሐፉን መልሶ ያነበበ ሰው፣ የሰብለ ወንጌል አባት የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት፣ የዘር ቆጠራው፣ ለልጃቸው የሚመጥን ባል አጥተው ጠያቂውን ሁሉ መመለሳቸው፣ አስተማሪዋ በዛብህ የድኻ ልጅ መሆኑ፣ እነዚህ ሁሉ ገና ከመጀመሪያው ወዴት እንደሚያመሩ ያያል። ርእሱም ቢሆን አልደበቀንም። ስለዚህ የእኛ ኀዘን እውነተኛ ኀዘን ነበር እንጂ በደራሲው ላይ የሚቀርብ ክስ አልነበረም። ሁለቱ ጥሩ ባልና ሚስት ሆነው ቢያረጁ ኖሮ ለጊዜው ደስ ይለን ነበር፤ በዚያ ዘመን የነበረውን ግፍ ግን መጽሐፉ ሳይነግረን ይቀር ነበር።

ወደ ተማሪዋ ቅሬታዎች ልመለስ፤ ሁለቱ ቅሬታዎች በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ አይመስሉኝም። የምትወደው ሰው በሁለት መስመር መሞቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ሞት አንዳንዴ እንዲሁ ይመጣል፤ ደራሲውም ድንጋጤውን እንድትካፈሉ አስቦ አሳጥሮት ሊሆን ይችላል። ማየት የሚገባው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። በቀሩት ምዕራፎች የሚያስታውሰው ሰው አለን? እርሱ በመሞቱ ሳይከናወን የቀረ፣ ወይም በተለየ መንገድ የተከናወነ ነገር አለን? ካለ፣ ደራሲው ሞቱን አልናቀውም። ከሌለ፣ ማለትም ሰውዬው ጭራሹን ያልነበረ ያህል ታሪኩ መንገዱን ከቀጠለ፣ ቅሬታዋ ትክክል ነው፤ ገጽ ጠቅሳም ልታስረዳ ትችላለች። ሁለተኛው ቅሬታ ግን ለእኔ ከመጀመሪያው ይከብዳል። አንዲት ልጅ በብዙ ቅጾች ውስጥ በራሷ አእምሮ መከራን ስታሸንፍ ካሳየን በኋላ፣ በመጨረሻው ፈተና እጇን አጣጥፋ ሌላ ሰው እንዲያድናት ማድረግ ለአንባቢው የተሰጠን ቃል ማፍረስ ነው፤ አዳኙ ከቀደሙት ቅጾች በአንዱ ውስጥ፣ በትንሽ ፍንጭም ቢሆን፣ ካልተዘጋጀ በቀር። እንዲህ ያለ ፍንጭ መኖር አለመኖሩን በችኮላ ንባብ ማወቅ አይቻልም። ተመልሶ መፈለግን ይጠይቃል።

የተከታታይ ልቦለድ መጨረሻ ከአንድ ወጥ መጽሐፍ መጨረሻ ይልቅ የሚያስቸግርበት ምክንያት እንዳለ ብታውቁ ፍርዳችሁ ሚዛናዊ ይሆናል። አንድ ወጥ ልቦለድ የሚጽፍ ሰው ሃያኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ሁለተኛውን ምዕራፍ ማረም ቢያስፈልገው ተመልሶ ያርማል፤ ማንም አያውቅበትም። የተከታታይ ደራሲ ግን የታችኛው ፎቅ ሰው እንደ ገባበት ሕንፃ ነው የሚሠራው፤ የመጀመሪያው ቅጽ ታትሞ፣ ተሸጦ፣ በእናንተ ልብ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ መሠረቱን ልቆፍር ቢል አይችልም። በየቅጹ መጨረሻ ደግሞ ቀጣዩን እንድትጠብቁ አዲስ ጥያቄ ይከፍታል። የተከፈቱት ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ የመጨረሻ መጽሐፍ እንዲመለሱ ይጠበቃል፤ አሳታሚው ቀነ ገደብ አለው፤ ደራሲውም ሰው ነውና ይደክማል፣ ያረጃል፣ አሳቡም ይለወጣል። በሌላ በኩል እናንተም ባላችሁበት አትቆዩም። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆናችሁ የጀመራችሁትን ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላችሁ ስትጨርሱ፣ በመካከሉ በነበረው የጥበቃ ጊዜ የየራሳችሁን መጨረሻ በአሳባችሁ ጽፋችሁ አጠናቅቃችኋል። የታተመው ከዚያ ጋር አይገጥምም።

ስለ ድካም ካነሣሁ፣ የብሪታንያዊውን ደራሲ የአርተር ኮናን ዶይልን ነገር ልንገራችሁ፤ ቅሬታችሁ አዲስ እንዳልሆነ ያሳያችኋል። ይህ ሰው ሼርሎክ ሆምስ የተባለውን መርማሪ ፈጥሮ በመጽሔት በተከታታይ ሲያወጣ ዝናው እጅግ ገነነ፤ እርሱ ግን በታሪካዊ ልቦለዶቹ መታወቅ ይፈልግ ስለ ነበር መርማሪው ከተሻለ ሥራ አሳቡን እየሰረቀበት መሆኑን ለእናቱ ጽፎላት ነበር። እናቱ አጥብቃ ተቃወመችው፤ እርሱም ለጊዜው ተወው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1893 ግን ሆምስን በስዊዘርላንድ ከሚገኝ ፏፏቴ ከጠላቱ ጋር ወርውሮ ገደለው። ብዙ አንባቢዎች ተቆጡ፤ ለደራሲው የቁጣ ደብዳቤ ላኩ፤ መጽሔቱን መግዛት ያቆሙም ብዙ ነበሩ። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1901፣ ከሞቱ በፊት የተፈጸመ ነው በሚል አንድ የሆምስ ታሪክ ማውጣት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1903 ደግሞ ጨርሶ አልሞተም ነበር ብሎ መለሰው፤ እስከ 1927 ድረስም ጻፈለት። አንባቢዎቹ የለመኑትን አገኙ። ይሁን እንጂ ከተመለሰ በኋላ የተጻፉት በተለይም የመጨረሻዎቹ ታሪኮች የቀደሙትን ያህል አይደሉም የሚሉ አንባቢዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ ጋር እስማማለሁ። ደራሲው የማይፈልገውን ነገር በልመና መጻፉ የእናንተን ስሜት ሊክስ ይችላል፤ መጽሐፉን ግን ሁልጊዜ አያሻሽለውም።

እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስም እ.ኤ.አ. በ1861 ከጨረሳቸው ልቦለዶቹ በአንዱ፣ ሁለቱ ዋና ባለታሪኮች ለዘለዓለም የሚለያዩበትን መጨረሻ ጽፎ ካበቃ በኋላ፣ ደራሲ ወዳጁ ስለ መከረው ተስፋ ባለው መጨረሻ ለወጠው። የቀድሞውም ከሞቱ በኋላ ታትሟል፤ አንባቢዎች የትኛው ይሻላል በሚለው ዛሬም ይከራከራሉ። መጨረሻ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ አንድ ሰው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የወሰነው ነው፤ ስለዚህ ልትከራከሩበት መብት አላችሁ።

በእኛ አካባቢ ለምትኖሩ ደግሞ ሌላ ነገር ልጨምር። እዚህ አዲስ መጽሐፍ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይቆያል፤ ከመጣም በኋላ አንድ ቅጂ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ሐይቅ እየተዋዋሱት ብዙ እጅ ያልፋል። ተራችሁ እስኪደርስ ድረስ መጨረሻውን ከሦስት ሰው አፍ ሰምታችኋል፤ ሦስቱም በየራሳቸው ስሜት ቀብተው ነግረዋችኋል። ስለዚህ የከፋችሁ በመጽሐፉ ነው ወይስ በነጋሪው የሚለውን ለይታችሁ ጠይቁ። ቀድማችሁ ያነበባችሁ ደግሞ፣ በወንድሜና በእኅቴ ፊት የምለምነውን ያህል እለምናችኋለሁ፣ ለሌላው መጨረሻውን አትንገሩበት። እኛ ወጣት ሳለን ችግራችን የተገላቢጦሽ ነበር፤ ከገበያ በርካሽ የምንገዛቸው አሮጌ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የመጨረሻ ገጾቻቸው ተቀድደው የወደቁ ስለ ነበሩ መጨረሻውን ለራሳችን ለመፍጠር እንገደድ ነበር። በዚያ ምክንያት ጓደኞቼ ከእኔ የተለየ ፍጻሜ ይዘው ሲመጡ የተከራከርነው ክርክር፣ ኋላ በክፍል ውስጥ ካስተማርኩት ብዙ ትምህርት ይበልጥ ጠቅሞኛል ብዬ አምናለሁ።

እናንተም እንዲሁ እንድታደርጉ እመክራችኋለሁ። የመጨረሻውን ቅጽ አሁን አስቀምጡትና ክረምት ሲደርስ፣ ፈተና አልቆ አእምሯችሁ ሲያርፍ፣ በዝግታ መልሳችሁ አንብቡት፤ በመጀመሪያው ንባብ "ማን ይተርፋል" ብላችሁ ትጣደፉ ስለ ነበር ያለፋችሁት ብዙ ነው። ቅሬታችሁን ከገጽ ቁጥሩ ጋር በደብተር መዝግቡ። ቀጥሎ ደግሞ እናንተ የምትሹትን የመጨረሻ ምዕራፍ ጻፉ፤ ሁለት ግዴታ ግን አለባችሁ፤ በቀደሙት ቅጾች ያልነበረ ሰው ወይም ኃይል አታስገቡ፣ ከመጨረሻው ቅጽ በፊት የሞተውንም አታስነሡ። ከገጽ ሁለት ወይም ሦስት በኋላ እጃችሁ ይከብዳል፤ ያ ክብደት ደራሲው የተሸከመው ነው። ያም ሆኖ ከእርሱ የተሻለ መንገድ ብታገኙ አልደነቅም፤ ባለታሪኳን በራሷ ብልሃት የምታድኑበት መንገድ ካለ ጽፋችሁ በትምህርት ቤታችሁ የሥነ ጽሑፍ ክበብ አንብቡት፤ መጨረሻውን የወደዱትም ተማሪዎች መልስ ይስጡበት። እነዚያን ተማሪዎች "አልገባችሁም" ብላችሁ አታሳንሷቸው። ገጽ ይጥቀሱ፤ እናንተም ጥቀሱ። ደራሲውም በሕይወት ካለ፣ አክብራችሁ ልትጽፉለት ትችላላችሁ፤ ስድብ ግን ማንበብ ከሚያውቅ ሰው አይጠበቅም።

ዐራቱ ዓመት ከንቱ ሆነ የሚለውን አልቀበልም። እርግጥ ነው፣ ከኋላው ያለውን ሁሉ የሚያበላሽ መጨረሻ አለ፤ "ያ ሁሉ ሕልም ነበር" ብሎ የሚዘጋ ደራሲ የአንባቢውን ድካም ይበትናል፤ ያን አልከላከልለትም። የዚህች ተማሪ መጽሐፍ ግን እንደዚያ አይደለም። በሦስተኛው ቅጽ ያሳቃት ምዕራፍ ዛሬም ያስቃል። ደብዳቤዋ ደግሞ ራሱ ምስክር ነው፤ የስድስተኛ ክፍል ልጅ "አልወደድኩትም" ከማለት አልፋ የአንዲት ባለታሪክ ጠባይ በመጨረሻው ምዕራፍ እንደ ተለወጠ ለይታ መናገር አትችልም ነበር። ይህን ያስተማራት ማን ነው? በአብዛኛው እነዚያው ቅጾች ናቸው።

ቀጥላ ምን እንደምታነብ ጠይቃኛለች። ያለቀውን የሚመስል ሌላ ረጅም ተከታታይ ወዲያው አትጀምሪ እላታለሁ፤ አዲሱን በአሮጌው ሚዛን እየለካች ትበድለዋለች። ለጥቂት ወራት አጫጭር ልቦለዶችን፣ ወይም ደራሲው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አርሞ ያሳተማቸውን አንድ ወጥ መጻሕፍት አንብቡ፤ አያቶቻችሁም ተረት የሚያውቁ ከሆነ አስተርቷቸው፤ "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ብለው ሲጨርሱ እናንተም የየራሳችሁን ንገሯቸው። አንዱን አጭር ልቦለድ በአንድ ቁጭታ እንደ ጨረሳችሁ የመጀመሪያውን አንቀጽ መልሳችሁ አንብቡትና መጨረሻው ከየትኛው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ሲዘጋጅ እንደ ነበረ በእርሳስ አስምሩበት፤ መጽሐፉ የቤተ መጻሕፍት ከሆነ ግን በደብተራችሁ ላይ ጻፉት።