ለትንሽ ልጅ የመጀመሪያ የቤት እንስሳ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት ውሻና ድመት በሚታከምበት ክሊኒክ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ የሁለት ልጆችም አባት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ "ልጄ እንስሳ ግዙልኝ ብሎ አላስቀምጥ አለን" የሚል ወላጅ ይበዛብናል። ለዚህ ነው ጥያቄ ላኩ ያልኩት። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። አቋሜን ግን ከወዲሁ እወቁት። ለትንሽ ልጅ የሚገዛ እንስሳ የልጁ አይደለም፤ ባለቤቱ ቤት የሚውለው ትልቅ ሰው ነው። ስለዚህ እንስሳውን ለዚያ ሰው ምረጡለት። ልጁ እንደሆነ የመጣውን ሁሉ ይወዳል።

ጥያቄ፦ ልጄ 4 ዓመቱ ነው፣ ቡችላ ካልተገዛልኝ ብሎ ያለቅሳል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኃላፊነት ይማርበታል ብለን ነበር። (ከአያት)

መልስ፦ አይማርበትም። የ4 ዓመት ልጅ ጫማውን የት እንዳወለቀ አያስታውስም፣ የውሻ ውሃ እንዴት ያስታውሳል? 6 ዓመት ገደማ ሲሆን ትንንሽ ሥራ መስጠት ይቻላል፤ ሳህን መሙላት፣ ጸጉር ማበጠር፣ ያውም ትልቅ ሰው አጠገቡ ቆሞ። አሁን ብትገዙለት ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቡችላው ሲያላዝን የምትነሱት፣ ሦስት ፎቅ ይዛችሁት የምትወርዱት እናንተ ናችሁ። ሠራተኛ ካለቻችሁ ደግሞ ሥራው ዞሮ ዞሮ እሷ ላይ ነው የሚወድቀው። ውሻ ከመግዛቱ በፊት እሷን የሚጠይቅ ቤተሰብ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ጠይቋት እስቲ። ውሻ የምትፈራ ከሆነ ነገሩ እዚያው ያብቃ።

መንገድ ላይ በካርቶን የሚሸጡት ቡችላዎች ብዙዎቹ 2 ወር እንኳ የሞላቸው አይመስሉም። ቡችላ ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናቱ ጋር መቆየት አለበት። ያልተከተበ ከሆነ ፓርቮ የሚባለው በሽታ በማስመለስና ደም በተቀላቀለበት ተቅማጥ በጥቂት ቀናት ይጨርሰዋል፤ ልጁ ስም ባወጣለት ሳምንት ማለት ነው። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ ይጀመርና ውሻው 16 ሳምንት እስኪሞላው ድረስ ይደጋገማል። ውሻ የግድ ካላችሁ፣ ግቢም ካላችሁ፣ ከልጆች ጋር ያደገ ረጋ ያለ የ2 ወይም የ3 ዓመት ውሻ ፈልጉ። የሐበሻ ውሻም ቢሆን ግሩም ነው። ሰው ጀርመን ሼፐርድ ካልሆነ ይላል፣ ለ4 ዓመት ልጅ ግን የዘሩ ስም ምንም አይጨምርለትም።

ጥያቄ፦ የእኛ ውሻ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። አሁን ልጃችን ዳዴ ማለት ጀምራለች፣ አብረው ቢያድጉስ? የእብድ ውሻ ክትባትስ የግድ ነው? (ከገርጂ)

መልስ፦ ከኋላው ልጀምር። አዎ፣ የግድ ነው። ውሻው ባይወጣም በአጥር ዘሎ የሚገባ ድመትና ሌላ ውሻ አለ። የመጀመሪያው ክትባት 3 ወር ሲሞላው ይሰጣል፣ ከዚያ በየዓመቱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አብዷል ተብሎ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ናቸው። ልጅ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ፊቱንና ራሱን ይነከሳል፤ ያ ደግሞ ለአንጎል ቅርብ ነው፣ በሽታው ቶሎ ይደርሳል። ሌላው ችግር ልጆች ቁጣ ፈርተው መነከሳቸውን ይደብቃሉ። "ውሻ ከነካሽ ማንም አይቆጣሽም፣ ሮጠሽ ንገሪኝ" ብላችሁ ከአሁኑ አስለምዷት።

ከተነከሰች ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፣ ሰዓት እያያችሁ። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ ምናምን አትለጥፉበት። በዚያው ቀን ጤና ተቋም። ውሻውን አትግደሉት፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። ጠበሉን አልከለክልም፣ ግን ከክትባቱ በኋላ ይሁን።

ወደ ልጅቷ ስመለስ፣ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የሚውል ውሻ የጥበቃ ውሻ ነው፣ የልጅ ጓደኛ አይሆንም። የታሰረ ውሻ መሸሻ ስለሌለው ከፈራ ያለው ምርጫ መናከስ ነው። ሰው "የኛ ውሻ ልጅ አይነካም" ይላል። ትንንሽ ልጆችን በብዛት የሚነክሰው ግን የሚያውቁት ውሻ ነው፤ ሲበላ ጠጋ ሲሉት፣ ተኝቶ ሳለ ሲያቅፉት። አፍንጫውን ደጋግሞ ከላሰ፣ ፊቱን አዙሮ የዓይኑን ነጭ ካሳየ፣ ድንገት ደርቆ ከቆመ "ተዉኝ" እያለ ነው። ዳዴ የምትል ልጅ ይህን አታነብም። ስለዚህ ሁለቱን ለአንድ ደቂቃም ብቻቸውን አትተዉ።

ጥያቄ፦ ለፋሲካ የገዛነውን በግ የ5 ዓመት ልጄ ስም አወጣችለት። ቅጠል እያበላች ስትጫወት ሰነበተች። ከበዓሉ በኋላ ለሳምንት አልበላም አለች። አሁን ጠቦት ገዝተን እንደ ቤት እንስሳ እናሳድግላት? (ከኮተቤ)

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ከአንድ በላይ ሰው ነው የላከው። በየበዓሉ በየግቢው የሚደርስ ነገር ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ "ትረሳዋለች" ተብሎ ይታለፋል።

መጀመሪያ ጠቦቱን ተዉት። በግ የመንጋ እንስሳ ነው። ብቻውን ሲሆን ቀን ሙሉ ይጮኻል፣ ይከሳል። ደግሞ ያደገ አውራ በግ የ5 ዓመት ልጅ በቀንዱ ሲገጭ ጨዋታ አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን ለገና ወይም ለሚቀጥለው ፋሲካ አንድ አጎት መጥቶ "ይሄ ሰብቷል" ማለቱ አይቀርም፤ ያኔ ምን ልትሏት ነው?

ለቀጣዩ በዓል ግን ማድረግ የምትችሉት አለ። በጉ እንደመጣ፣ ገና ሳትለምደው፣ ለምን እንደመጣ በአጭሩ ንገሯት። "ይሄ የበዓል በግ ነው፣ ለምግብ ነው የመጣው፣ እስከዚያ ውሃና ሣር እንሰጠዋለን።" አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ይገባዋል። "ጠፋ"፣ "ገጠር ሄደ" አትበሏት፤ ማታ ወጡ ሲቀርብ ራሷ ትደርስበታለች፣ ከዚያ በኋላ ሌላውንም አታምናችሁም። እርዱን እንድታይ አታስገድዷት፣ አልበላም ካለችም ሽሮ ስጧት፣ በዚህ ማንም አይሞትም። በጉን አንድ ሳምንት ቀድሞ ከማምጣት ዋዜማውን መግዛት፣ ወይም ያን ዓመት ቅርጫ መግባት ብዙ ያቀልላችኋል።

ጥያቄ፦ ከበግ ጋር በተያያዘ፣ ለውሻችን የሚጣለው ሳንባና ጉበት ችግር አለው? (ያው ከኮተቤ)

መልስ፦ በጣም አለው፣ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ፊኛ መሳይ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ የትል ቋት ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ጸጉሩም ላይ ይቀራል። ልጅ ውሻውን ዳብሳ ሳትታጠብ እጇን አፏ ውስጥ ከከተተች ያው ቋት በእሷ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ይበቅላል። ለዓመታት ቀስ እያለ ስለሚያድግ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ብዙ ጊዜም ቀዶ ጥገና ይጠይቃል። እንዲህ ያለውን አካል ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ሌላውንም በደንብ ሳትቀቅሉ አትስጡ። ለውሻው ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት በሐኪም አሰጡት። የዶሮ ወጥ ትራፊም ይቅር፤ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ደም ይጎዳል፣ የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል።

ጥያቄ፦ ድመት አለችን፣ ሴት ልጄ ነፍሷ ናት የምትላት። አሁን አርግዣለሁ፣ ሁሉም "ድመቷን አባሪ" እያለኝ ነው። (ከጀሞ)

መልስ፦ እህቴ፣ ድመቷ ትቆይ፣ ጥሬ ሥጋውና ለብ ለብ ክትፎው ግን ይቅር። ሰው የሚፈራው ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን፣ ጽንስ ሊጎዳ የሚችል ጥገኛ ተሕዋስ ነው። በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፣ ነገር ግን ሰው ለመያዝ ከ1 እስከ 5 ቀን መቆየት አለበት። ስለዚህ አሸዋዋ በየቀኑ ከተጠረገ አደጋው በጣም ይቀንሳል። የሚጠርገው ደግሞ ባልሽ ነው። ጥሬ ሥጋና በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ ከድመቷ የበለጠ ያሳስበኛል። ለማንኛውም ለእርግዝና ክትትል ስትሄጂ ለሐኪምሽ ድመት እንዳለሽ ንገሪ።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ቤተሰብ ነን፣ ውሻ ቤት ውስጥ አይገባም። ልጃችን 6 ዓመቱ ነው። የድመት ግልገል ወይስ ትልቅ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ትልቅ። ሰው ሁሉ ግልገሏን ይመርጣል፣ ቆንጆ ናታ። ግን ግልገል ትቧጭራለች፣ ልጅም ሲይዛት ያጨናንቃታል። ጭርትም ከግልገል ወደ ልጅ በቀላሉ ይተላለፋል። አንድ ዓመት ያለፋት፣ ሰው የለመደች፣ ስትነካ የማትሸሽ ድመት ፈልጉና አስከትቡ። ደግሞ አስመክኗት፤ እርግዝናዋ ሁለት ወር ብቻ ስለሆነ ካልሆነ በዓመት ውስጥ ለጎረቤት ግልገል ስታድሉ ትከርማላችሁ። በድፍረት ምረጥ ካላችሁኝ ለአብዛኛው የከተማ ቤት የምመርጠው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቼላቸው ሦስቱም በማግስቱ ሞቱ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ብርድ ነው የገደላቸው ብዬ እገምታለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ። ካርቶንና ጨርቅ አይበቃቸውም። በእናንተ ቦታ ብሆን ያደጉ ሁለት ሦስት ቄቦች እገዛ ነበር። ግቢ ላለው ሰው ቄብ የተናቀች የልጅ እንስሳ ናት እላለሁ። አትነክስም፣ ፍርፋሪ ትበላለች፣ ልጁ ጠዋት ተነስቶ እንቁላል ሲያገኝ ያለውን ደስታ ምንም አይተካውም። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን አይቀፋት፣ አይሳማት፤ ሳልሞኔላ የሚባለው ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ለትንንሾች ይከፋል። ሁሌም እጅ በሳሙና። አውራ ዶሮ ለመጨመር ከፈለጋችሁ ጎረቤት አማክሩ።

ጥያቄ፦ ዓሣ ቀላል ነው ብለው ገዛን፣ በሁለት ሳምንት አለቁ። (ከቦሌ)

መልስ፦ በክብ ብርጭቆ ነበር አይደል? ዓሣ ቀላል አይደለም፣ ዝም የሚል ነው እንጂ። የራሱ ቆሻሻ አሞኒያ ሆኖ ይመርዘዋል። ይህን የሚያጸዱት ባክቴሪያዎች ማጣሪያው ውስጥ እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ትልቅ ገንዳ፣ ጥቂት ዓሣ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ በባልዲ ክፍቱን 24 ሰዓት ይቆይ። በየሳምንቱ ሩቡን ብቻ ቀይሩ፣ ሙሉውን አይደለም። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፣ ጥቂት ዓሣ ያለበት ገንዳ ያኔ ይተርፋል። ምግቡን ልጁ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡና በቀን ቆንጥራችሁ ስጡት፣ እሱ ይበትን። ለአስም ወይም ለአለርጂ ልጅ የምመክረው ይህን ነው፤ "አለርጂ የማያስነሳ ድመት" እያሉ የሚሸጡትን አትመኑ።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጆቼ ጥንቸል አመጡ። እኔ ደግሞ ርኩስ ናት ሲባል ነው የሰማሁት። ምን ይሻለኛል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እማማ፣ የሃይማኖቱን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፤ እኔ የማውቀው መጽሐፉ አትብሉ ማለቱን ነው። በእኔ በኩል የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጥንቸል መታቀፍ አትወድም። ልጅ አንስቷት ስትራገጥ የጀርባ አጥንቷ ሊሰበር ይችላል። መሬት ተቀምጠው ይዳብሷት በሏቸው። ዋና ምግቧ ሣር ነው፣ ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ ማኘክ አለባት። ወንድና ሴት ከሆኑ ደግሞ ይለያዩ፣ በ31 ቀን ይወልዳሉ።

ጥያቄ፦ እዚህ አሜሪካ ልጆቹ ሃምስተር (አይጥ መሳይ ትንሽ እንስሳ) ይላሉ፣ ትልቁ ደግሞ ትንሽ ኤሊ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ሃምስተር ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይሮጣል፣ ሲቀሰቅሱት ይነክሳል። ዕድሜውም 2 ዓመት ገደማ ነው። ከእሱ ሁለት ጊኒ ፒግ (ከሃምስተር ተለቅ የሚሉ፣ ጭራ የሌላቸው እንስሳት) ይሻላሉ፤ ሁለት ያልኩት ብቻቸውን ስለማይወዱ ነው። ቫይታሚን ሲ በምግባቸው ማግኘት አለባቸው። ትንሿን ኤሊ ተዉ። ድንጋይዋ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ኤሊ ለቤት እንስሳነት መሸጥ እዚያው አሜሪካ ከ1975 ጀምሮ የተከለከለው ልጆች በሳልሞኔላ ስለታመሙ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ደግሞ አንድ ሰው ከገጠር ኤሊ አምጥቶ ግቢ ለቀቀልን። ልጆቹ ወደዋታል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ኤሊ የዱር እንስሳ ናት፣ ያለ ፈቃድ መያዝ አይቻልም። አሁን የመጣች ከሆነ ሰውየው ያመጣበትን ትክክለኛ ቦታ ጠይቁና ለዱር እንስሳት ባለሥልጣን ደውላችሁ አሳውቁ። እስከዚያ ጥላና ውሃ አይጉደልባት፣ ልጆቹም ከነኳት ይታጠቡ። ሰውየውን ደግሞ ሁለተኛ እንዳያመጣ ንገሩት።