«ለጊዜው ቤታችሁ ቆዩ» ከተባልኩ ደመወዜስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ገላን አንድ የጫማ ፋብሪካ ውስጥ ስፌት ላይ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ባለፈው ወር «ጥሬ ዕቃ የለም፣ ለጊዜው ቤታችሁ ቆዩ፣ እንደውላለን» ተባልን። በጽሑፍ የተሰጠን ነገር የለም፣ ደመወዝም ቆሟል። አሁን ደግሞ አስተዳደር አንድ በአንድ እየጠራ በፈቃዳችን እንደለቀቅን የሚል ወረቀት እያስፈረመ ነው። ይሄ እገዳ ነው ቅነሳ? ምን ይደርሰኛል?
ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ወረቀት እንዳትፈርሚ። በፈቃዴ ለቀቅኩ ብለሽ ከፈረምሽ የቅነሳ ክፍያ መጠየቂያሽን በገዛ እጅሽ ሰጠሽ ማለት ነው። ቸኩለው የሚያስፈርሙትም ለዚሁ ነው።

አሁን ያለሽበት ሁኔታ እገዳ ይመስላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ያለ ጥፋቱ የገንዘብ ችግር ገጥሞት ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የሚቆም ከሆነ ውሉን ለጊዜው ማገድ ይችላል። ግን ዝም ብሎ አይደለም፤ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ለሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ምክንያቱ በቂ አይደለም ከተባለ ሥራ እንዲያስጀምርና የታገዳችሁበትን ቀን ደመወዝ እንዲከፍል ይታዘዛል። በቂ ነው ከተባለ ደግሞ፣ የኅብረት ስምምነታችሁ ሌላ ካላለ በቀር፣ ደመወዝም አበልም የለም። የጡረታ መዋጮውም (ካንቺ 7፣ ከአሠሪሽ 11 በመቶ) የሚሰላው ከደመወዝ ስለሆነ አብሮ ይቆማል። ከባድ ነው፣ የቤት ኪራይ እገዳ አያውቅም። ቢሆንም ውልሽ አልተቋረጠም፣ እገዳውም ከ90 ቀን አያልፍም። ጊዜው ባለቀ ማግስት ስልክ ሳትጠብቂ ፋብሪካው በር ላይ ተገኚ፤ አሠሪው የመመለስ ግዴታ አለበት።

ቅነሳ ግን ውሉ ጭራሽ ሲያበቃ ነው። የ2 ወር ማስጠንቀቂያ አለው፤ አሠሪውም ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮቻችሁ ጋር መመካከር አለበት፤ ነፍሰ ጡሮችም መጨረሻ ከሚነኩት ውስጥ ናቸው። የስንብት ክፍያሽ የሚሰላው እንዲህ ነው፦ አማካይ የቀን ደመወዝሽ 200 ብር ነው እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ 6,000 ብር። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 2,000 ብር ይጨመራል፤ በአራት ዓመት 12,000 ይሆናል። ቅነሳ ስለሆነ ደግሞ የ60 ቀን፣ ሌላ 12,000። በድምሩ 24,000 ብር፤ ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ወደ ገንዘብ ተቀይሮ ለብቻው ይታሰባል። ክፍያው በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። እገዳ ላይ እያላችሁ ፋብሪካው ሊመለስ እንደማይችል ከተረጋገጠም ውሉ ተቋርጦ የስንብት ክፍያ ይደርስሻል። እኛ አገር ሥራ ላጣ ሰው መንግሥት የሚከፍለው የሥራ አጥነት መድን የለም፤ ስለዚህ ይህን ገንዘብ በዋዛ አትልቀቂው።

አሁኑኑ «እገዳው በጽሑፍ ይሰጠን» የሚል ደብዳቤ ከጓደኞችሽ ጋር አስገቡ፣ ኮፒው ላይ ማኅተም አስመቱ። መታወቂያሽንና የደመወዝ ወረቀቶችሽን ሰብስቢ። ሥራሽ ያለው ገላን ስለሆነ የምትሄጂው በሸገር ከተማ ሥር ወዳለው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ነው፤ መኖሪያሽ ቱሉ ዲምቱ ነው ብለሽ አዲስ አበባ ብትሄጂ ያመላልሱሻል። ቢያሰናብቱሽ ደግሞ ቀኑን ቁጠሪ፤ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር፣ የገንዘብ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ጊዜው አልፏል ተብሎ ውድቅ ይሆናል።