በቶርኖ ቤትና በሞልድ ወርክሾፕ መካከል ለሚያመነቱ ተመራቂ

ውድ ጠያቂያችን፣

ሜክሲኮ አካባቢ ከሚገኝ የቴክኒክ ኮሌጅ በማሽኒንግ ተመርቀው ሁለት የሥራ ጥሪ እንደደረሰዎት ጽፈዋል፤ አንደኛው የቶርኖ ቤት ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ በደመወዝ የሚያንሰውና በኢዲኤም (ብረትን በኤሌክትሪክ ብልጭታ በሚቆርጥ) ማሽን የሚያሠራዎት የፕላስቲክ ሞልድ፣ ማለትም የፕላስቲክ ዕቃ ቅርጽ ማውጫ፣ ወርክሾፕ ነው። የኢዲኤም ሙያ አላፊ እንዳይሆን፣ የቶርኖ ችሎታዎም እንዳይጠፋ ሰግተዋል። እኔ ሞልድ ወርክሾፑን እንዲመርጡ እመክራለሁ።

የሶቪየት ተመራማሪዎቹ ቦሪስና ናታሊያ ላዛሬንኮ እ.ኤ.አ. በ1943 መሠረቱን የጣሉት የኢዲኤም አሠራር እስከ ዛሬ የዘለቀው ስለት የሚቸገርበትን ሥራ ስለሚሠራ ነው። በሽቦ በሚቆርጠው የኢዲኤም ዓይነት፣ ብዙውን ጊዜ 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብራስ ሽቦ፣ ማዕድናቱ በተለዩለት ውኃ ውስጥ፣ ብረቱን ሳይነካ ይጠጋዋል፤ በመካከላቸው በቀረችው ጠባብ ክፍተት የሚፈነጥቀው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ብረቱን በጥቂት በጥቂቱ እያቀለጠ ያነሣል፣ ውኃውም ፍርፋሪውን ጠርጎ ይወስዳል። ስለዚህ ብረቱ በእሳት ከጠነከረ በኋላ እንኳ፣ ቀጭን ግድግዳው ሳይጎብጥ፣ በሚሊ ሜትር መቶኛና ከዚያም ባነሰ ልክ መቁረጥ ይቻላል። ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነገርንም አይቆርጥም።

ከመስማማትዎ በፊት ግን ማሽኑን የሚያዘጋጀው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ሽቦ ሲበጠስ መተካትና ቁልፍ መጫን ብቻ ከሆነ ድርሻዎ፣ ዓመት ቢቆዩም የሚጨምሩት እውቀት ጥቂት ነው። ሙያው ያለው ድሮዊንግ (የዕቃውን ቅርጽና ልክ የሚያሳይ ንድፍ) በማንበብ፣ ብረቱን አስተካክሎ በማሰር፣ የሽቦውን ግማሽ ውፍረትና የብልጭታውን ክፍተት አስልቶ የመቁረጫ መስመሩን በማራቅ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቆረጣ የሚተወውን ቀልጦ የረጋ ተሰባሪ ሽፋን በስስ ድጋሚ ቆረጣ ማንሣትም፣ መብራት መሀል ላይ ሲጠፋ በገጹ ላይ የሚቀረውን መስመር ማከምም የእርስዎ ሥራ ሊሆን ይገባል፤ በከተማችን ይህ የመጨረሻው ብዙ ያጋጥማል።

የቶርኖ ችሎታዎ አይባክንም። በሽቦ ፈንታ ቅርጽን በብረት ላይ ለሚያትመው ሌላው የኢዲኤም ዓይነት፣ ብልጭታው የሚነሣባቸው የመዳብና የግራፋይት ኤሌክትሮዶች በቶርኖና በሚሊንግ ነው የሚሠሩት፤ ይህንን የሚችል ሰው ለወርክሾፑ እጥፍ ይጠቅማል። እርግጥ ሞልድ ወርክሾፖች እንደ ቶርኖ ቤት በየሰፈሩ ስለማይገኙ፣ ቦታ መቀየር ቢፈልጉ ምርጫዎ ይጠባል። ለዚህም ነው የደመወዝ ጭማሪው ከሙከራ ጊዜው በኋላ ታይቶ እንዲወሰን በውሉ ላይ በጽሑፍ እንዲሰፍር የምመክርዎት። ለቃለ መጠይቁ ሲሄዱ በኮሌጅ የሠሩትን አንድ ዕቃ ከነድሮዊንጉ ይዘው ይሂዱ፤ ልኩንም በማይክሮሜትር እዚያው ለክተው ያሳዩ።