ብቻዬን ነኝ፣ ብሳሳትስ? አዲስ የቤት ለቤት ነርሶች ይጠይቃሉ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከሆስፒታል ወጥተው የቤት ለቤት ህክምና ከጀመሩ ነርሶች ናቸው። አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

«ሲስተር፣ ውስጥ ደዌ ክፍል አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሥራዬን አውቀው ነበር። አሁን የታካሚ ቤት ስገባ እጄ ይንቀጠቀጣል። ያ ሁሉ የት ሄደ?»

የትም አልሄደም እህቴ። ነርሶች ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት የሚያልፉባቸውን አምስት ደረጃዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ያብራራችው ፓትሪሺያ ቤነር ይህን ጉዳይ አንስታዋለች። ልምድ ያለው ነርስም ጨርሶ የማያውቀው የሥራ ቦታ ሲገባ እንደ ጀማሪ ሊሆን ይችላል።

ዋርድ ውስጥ ልብ ሳትይው የምትደገፊያቸው ነገሮች ነበሩ። ጎንሽ ያለችው ባልደረባ፣ ዞር ብለሽ የምትጠይቂው ሐኪም፣ እጅሽ ሥር ያለው ዕቃ። አሁን የሉም፤ ስለዚህ ምትካቸውን ቀድመሽ አዘጋጂ። ከመሄድሽ በፊት ካርዱን አንብቢ። ከዚያ ራስሽን ጠይቂ፦ ዛሬ ይህ ሰው ላይ ሊከፋ የሚችለው ምንድን ነው? የልብ ድካም ካለበት ክብደቱን፣ የእግሩን እብጠትና ትንፋሹን ታያለሽ። ኢንሱሊን የሚወጋ ከሆነ መቼ እንደበላ ትጠይቂያለሽ፤ ስኳሩንም ትለኪያለሽ። ምን እንደምትፈልጊ አውቀሽ ስትገቢ እጅሽም ይረጋጋል።

ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ካስገባሽ ቆይቶ ከሆነ ደግሞ «ልምድ ካለው ሰው ጋር አንድ ሁለቴ ልሂድ» ብለሽ አለቃሽን ጠይቂ። ይህን የሚከለክል መሥሪያ ቤት ካለ ችግሩ ያንቺ አይደለም።

«ሐኪም ጋ መደወል እፈራለሁ። በትንሽ በትልቁ የምጨቀጭቅ ይመስለኛል። ስደውል ደግሞ አፌ ይተሳሰራል።»

አፍሽ የሚተሳሰረው ምን እንደምትጠይቂ ሳትወስኚ ስለምትደውዪ ነው። «ኤስ ባር» የሚባለውን ቅደም ተከተል ተጠቀሚ፦ አሁን የሆነው፣ ከጀርባው ያለው፣ የአንቺ ግምት፣ የምትጠይቂው። ከመደወልሽ በፊት ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፊው። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ዶክተር፣ የቤት ለቤት ነርስ ነኝ። የልብ ድካም ያለባቸው የ70 ዓመት ታካሚ በሁለት ቀን 2 ኪሎ ጨምረዋል፤ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ፉሮሲማይድ (ፈሳሽ የሚያስወጣ መድኃኒት) ታዞላቸዋል፤ ከትናንት ጀምሮ ግን አልወሰዱም። ፈሳሽ እየያዙ ይመስለኛል። ዛሬውኑ ይታዩ ወይስ መጀመሪያ እዚሁ የማደርገው ነገር አለ?»

ግፊቱን፣ የልብ ምቱንና ኦክስጅኑን በእጅሽ ያዢ፤ መጠየቅሽ አይቀርም። ይህን ሰምቶ «ለዚህ ነው የደወልሽው?» የሚል ሐኪም ካለ ይበል። የደወልሽበትን ሰዓትና የታዘዝሽውን መዝግበሽ ሥራሽን ቀጥዪ።

መጠበቅ የሌለበትን ግን ለዪ። የደረት ሕመም ሲጀምር፣ ፊት ድንገት ሲጣመም ወይም አንደበት ሲተሳሰር፣ ታካሚው አልነቃ ሲል መጀመሪያ አምቡላንስ ነው። ለሐኪሙ ከዚያ በኋላ ይደወላል።

«የታካሚዬ ልጅ ከራሴ አትወርድም። ‹የበፊቷ ነርስ እንዲህ አልነበረም የምታደርገው› ትለኛለች።»

እንደ ተቆጣጣሪ አትያት። እሷ ሌት ተቀን እዚያው ናት፤ አንቺ መጥተሽ የምትሄጂ ነሽ። ገና ስትገቢ «ካለፈው ወዲህ ምን የተለወጠ ነገር አየሽ?» በያት። ካርዱ ላይ የሌለውን ትነግርሻለች፦ ማታ ማታ እንደሚቃዡ፣ አንዱን ክኒን ደብቀው እንደሚተፉት።

የበፊቷ እንዴት ትሠራ እንደነበርም ጠይቂ። ልዩነቱ ፋሻው በየት በኩል ይቋጠር የሚል ዓይነት ከሆነ እሺ በያት፤ ምን አለበት! ንጽሕናን ወይም የሐኪም ትእዛዝን የሚነካ ከሆነ ምክንያቱን ነግረሽ በአቋምሽ ጽኚ። ስታስተምሪያትም «ገባሽ?» አትበያት፤ ለዚህ ጥያቄ ሰው ሁሉ «አዎ» ነው የሚለው። «እስቲ አንቺ ሥሪውና ልየው» በያት።

«ቦርሳዬን የት ላስቀምጥ?»

ወለል ላይም አልጋ ላይም አታስቀምጥ፣ ወንድሜ። ንጹሕና ደረቅ ቦታ ፈልግ፤ ከሥሩ የሚጣል ነገር አንጥፍ። እጅህን ሳታጸዳ ወደ ቦርሳው አታስገባ፤ የተጠቀምክበትንም ዕቃ ሳታጸዳ አትመልስ። ያገለገለ መርፌ ክዳኑ አይመለስበትም፤ ወደማይበሳ ጠንካራ መያዣ ይግባ።

«ግፊታቸው ከወትሮው ከፍ ብሎ ሲገኝ እደነግጣለሁ።»

ደህና ከመሰሉና ሌላ ምልክት ከሌላቸው አረጋግተሽ ድገሚው። 5 ደቂቃ ይረፉ፤ ጀርባቸውን ያስደግፉ፣ እግራቸው ሳይነባበር ወለሉን ይርገጥ፣ ክንዳቸው በልብ ትክክል ይሁን። ሽንት ይዟቸው እንደሆነም ጠይቂ። ስትለኪ አታውሪያቸው። ለክንዳቸው የጠበበ መለኪያ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። አሁንም ከፍ ካለ ከላይ ባልኩሽ መንገድ ደውዪ።

«ቤቱ ውስጥ የሰከረ ሰው ይሳደብ ነበር። ሥራዬን አቋርጬ መውጣት ታካሚውን መተው ስለመሰለኝ ፈርቼ ቆየሁ።»

አደጋ ከሸተተሽ ውጪ። ውጭ ሆነሽ ወዲያው ለአለቃሽ ደውዪ፤ የቀረውን ሥራ ንገሪ፤ ታካሚው በሌላ መንገድ እንዲታይ አድርጊ። ያኔ አልተውሽውም። ከዚህ በኋላ ስልክሽ ኪስሽ ውስጥ ይሁን፤ በበሩ በኩል ተቀመጪ፤ የት እንዳለሽ የሚያውቅ ሰው ይኑር። ያ ቤት ጋ ስትመለሺ ሁለት ሆናችሁ እንድትሄዱ በጽሑፍ ጠይቂ።